ፈላጊ የላትም

መካነ ሰላም የተመደብኩ ጊዜ እናቴ «ስሙ ራሱ ሰላም ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ከደሴ ሸኘችኝ። እሷ ምን አለባት! ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት ሆነን፣ የማላውቀው ሰው ጀሪካን ጉልበቴ ላይ ተጭኖ፣ ዞሬ እጄን ላውለበልብላት እንኳ አልቻልኩም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝና ማማረጥ አልነበረብኝም። ወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ ብሎ የቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያቺ አንዷ እኔ ነበርኩ።

ድሮም ቀላል ሰው አይደለሁም። ቶሎ ይከፋኛል፤ ከከፋኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ ኮራች ይሉኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የቢሮ ሰዎች ምሳ ሲጠሩኝ «ሥራ አለብኝ» አልኩ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አልጠራኝም። አለመጠራት እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር! ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ብቻ በሬን ያንኳኳሉ፤ አውጥቼ ስሰጣቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘግተውብኝ ይሄዳሉ። ያኔ ሁሉም ሠራተኛ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ እኔ የተመደብኩበት ቡድን ላይ ትርፍ ነበርኩ።

የተከራየሁት ቤት ከገበያው በላይ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ያለች ክፍል ናት። እማማ እላቸዋለሁ። ጌሾ እየቸረቸሩ የሚኖሩ፣ ሰንበት የማያስታጉሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ክፍሏ የልጃቸው ነበረች። ልጅቷ ዓረብ አገር ናት። አልጋዋ ላይ ነው የምተኛው፤ ነጠላዋን ትሰቅልበት የነበረው ሚስማር ላይ ሻርፔን እሰቅላለሁ፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቁመቷን የተለካችበት መስመር አለ። አንድ ቀን ተጠግቼ ተለካሁ፤ በሁለት ጣት ትበልጠኛለች።

እማማ ከልጃቸው ድምፅ ከሰሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። ልጅቷ በቃሏ የምትይዘው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የእናቷ የድሮ ሲም ካርድ ነው። ስልካቸው ተበላሽቶ ለወራት ካርድ ሳይሞሉበት ቆይተው ቁጥሩ ተዘጋ። አዲስ ሲም አወጡ፤ ግን አዲሱን ቁጥር ለማን ይንገሩት? «በሩን ቀይሬ ቁልፉን የደበቅሁባት ያህል ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም «አብሽሩ እማማ» እላለሁ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝምና።

ያ ዓመት ዓረብ አገር የኛን ሰዎች እየሰበሰበ በአውሮፕላን የሚመልስበት ዓመት ነበር። የመጡት አዲስ አበባ አንድ ማረፊያ ይገባሉ። ቤተሰብ ያለው ይወሰዳል፤ የታመመና የደከመ ግን ወሳጅ ዘመድ ካልመጣለት አይለቀቅም ነበር። ችግሩ ማረፊያው የኛን አገር ሰዎች አያውቅም፣ እኛም ማን እንደመጣ አናውቅም። ደብዳቤ ይጽፉልናል፤ ደብዳቤው ሲደርስ ሰውየው የለም። ስለዚህ የኛንና የእነሱን ኮምፒውተር አገናኙ ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ኤፒአይ ይሉታል። ነገሩ ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን ሳይሰጣጡ፣ የአንዱ ማሽን የሌላውን ማሽን የሚጠይቅበት ትንሽ መስኮት በሉት። እኛ ጋ ልጁን የሚፈልግ ቤተሰብ ሁሉ ይመዘገባል። በየማለዳው የማረፊያው ማሽን «እንዲህ የምትባል ሰው የእናንተ ወረዳ ነኝ ትላለች፤ ፈላጊ አላት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የኔ ማሽን መዝገቡን አይቶ «አላት» ካለ የቤተሰቡን ቀበሌና ስልክ ይሰጣል፤ ካልሆነ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ሰው መሐል አይገባም። ሦስት ወር ብቻዬን ሠራሁት፤ መጀመሪያ ጥያቄው ገብቶ መልሱ የወጣ ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የምነግረው ሰው አልነበረም። ወደ ደቡብ፣ ማሻ ከተማ ለሚሠራ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋብኝ።

በመጀመሪያው ወር ጉድ ሆንኩ። ማሽኑ ስሟና የአባቷ ስም ከገጠመ ይበቃዋል ብዬ ነበር። አንድ አባት ሁለት ቀን ተጉዘው አዲስ አበባ ሲደርሱ የሌላ ሰው ልጅ አቀረቡላቸው። ተመልሰው መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አለቀሱ። በግምገማ ላይ ደግሞ ኃላፊዬ «በመንግሥት ስም ሰው አሳስተሻል» አለኝ፤ ሒሴን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሦስቱም ካልገጠመ «የለም» በል አልኩት። ያልገጠሙት ጥያቄዎች ለብቻ አንድ ዝርዝር ውስጥ እንዲጠራቀሙ አደረግሁ፤ ሪፖርቱን እንዳያበላሹብኝ። ዝርዝሩን «ቆሻሻ» ብዬ ሰየምኩት፤ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም።

እማማን የመዘገብኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ፣ ጌሾ የያዙበትን ጆንያ እንኳ ሳያራግፉ፣ ላፕቶፔን ደጃፉ ላይ ከፍቼ ጠየቅኋቸው። የልጅቷን ስም ነገሩኝ። የአባቷን ነገሩኝ። የአያቷን ነገሩኝ። ከዚያ «ሌላ የሚጻፍ የለም?» አሉኝ።

«በቃ እማማ፤ ስም ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ስም ብቻ?»

«ስም ብቻ።»

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው ወደ አጥሩ ማዶ አዩ። እኔ ባትሪዬ ሊያልቅ ነበርና ላፕቶፑን ከደንኩት።

ከዚያ ወዲያ ማታ ከቢሮ ስመለስ የግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ዛሬስ?» ይላሉ። «ገና ነው፤ አብሽሩ» እላለሁ። «ገና ከሆነ ደግ ነው፤ ገና ማለት የለም ማለት አይደለም» ይሉና የያዙትን ንፍሮ ወይ ቂጣ ያቋድሱኛል። እንግዲህ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ከተማ እኔን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቢሮ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቃል ሳልናገር ውዬ ያን በር ለማየት ነበር የምሮጠው። አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ልጅቷ ከመጣች ክፍሏን ትወስዳለች፣ እሳቸውም እሷን ነው የሚጠብቁት፣ እኔ የት እገባለሁ ብዬ አስብ ነበር። ባትመጣ ብዬ አልተመኘሁም። ትንሽ ብትቆይ ግን ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ሪፖርቴም አማረ። የገጠመው ሁሉ ቤተሰቡን አገኘ፤ ስሕተት ዜሮ። ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ፕሮጀክተሩን ነቃቅዬ ገመዱን ጠቀለልኩ።

ነገሩ የወጣው እማማ በታመሙ ጊዜ ነው። ብርድ መትቷቸው ሦስት ቀን ተኙ። አጥር የሚለየን ጎረቤት ሼህ ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ጨዋታ የሚችሉ ሽማግሌ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሊጠይቁ መጡ። ዱኣ አድርገው፣ እማማም ከሥር ከሥር «አሚን» ብለው እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ሼሁ ደጅ ወጥተው አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ነሽ፣ የኮምፒውተሯ ልጅ? እኛ ቤት እንኳ ብቅ አትይም። አጥር እኮ ለከብት ነው የተሠራው።»

«ሥራ እየበዛብኝ ነው፣ አባባ።»

«ሥራማ ቀብር እስኪገቡ አለ። የልጄ ወሬስ? እስካሁን ምንም የለ?»

ሳቅሁ። «እርስዎም ልጄ ነው የሚሏት?»

«እንዴ! ወላሂ ልጄ ናት እንጂ! በወረቀት እኮ አባቷ እኔ ነኝ።»

ሳቄ ፊቴ ላይ ቀረ። «በየትኛው ወረቀት?»

«በፓስፖርቷ ነዋ። ደላላው እስላም ካልሆነች ሥራ አታገኝም አለ። እናቷ መጥታ እኛ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ‹ታዲያ የኔን ስም ውሰዱ፤ ስም ምን ያልቃል› አልኩ። የሷን ስም እኔው አወጣሁላት፣ አባት እኔ፣ አያት አባቴ። ይሄን ያላደረገ ማን አለ? የዚህ ሰፈር ሴት ልጅ ሁሉ በሁለት ስም ነው የምትሄደው።» ፊቴን አይተው ደነገጡ። «አንቺ በየትኛው ስሟ ነው የመዘገብሻት?»

አልሰማሁም ነበር ብል ውሸት ነው። ደሴም እያለሁ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ተረብ፣ እንደ ሰው ወሬ። ሦስት ወር መስኮቱን ስሠራ ግን ትዝ አላለኝም። ምሳ ከሚጠሩኝ ሰዎች ጋር አንድ ቀን ተቀምጬ ብበላ ኖሮ፣ ያንን አጥር አንድ ቀን ተሻግሬ ቢሆን ኖሮ፣ በጨዋታ መሐል ይነግሩኝ ነበር። የሚያውቁት ሁሉም ናቸው፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የፓስፖርቷን ስም ከሼሁ ተቀብዬ ቢሮ ድረስ በሩጫ ሄድኩ። ዘበኛው «ምን ሆንሽ፣ ሰው ሞተ?» እያለ ከፈተልኝ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን እኔው ማሽን ላይ ነው ያለው። «ቆሻሻ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ሼሁ የነገሩኝን ስም ጻፍኩና ፈለግሁ።

አለች። ስሟ፣ የሼሁ ስም፣ የሼሁ አባት ስም። ወረዳዋ የኛ፣ ቀበሌዋ የኛ። የመጣችው ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። በመጀመሪያው ማለዳ የማረፊያው ማሽን ፈላጊ አላት ወይ ብሎ ጠይቋል፤ የኔ «የለም» ብሏል። በማግሥቱ ጠይቋል፤ «የለም»። በሦስተኛው ቀን፤ «የለም»። ሃያ ሁለት ማለዳ ተጠይቄ ሃያ ሁለት ጊዜ «የለም» ብያለሁ። በእነዚያ ሃያ ሁለት ቀናት እናቷ በር ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ሲሉኝ፣ እኔ የልጅቷ አልጋ ላይ ነበር የምተኛው። ከሃያ ሁለተኛው በታች ሌላ ጥያቄ የለም።

ሰኞ ማለዳ የሥራ ሰዓት ሳይደርስ ከቢሮዬ ደወልኩ። ማረፊያው ስልኩን ያነሣችው ሴት የልጅቷን ስም ስነግራት ወዲያው አወቀቻት።

«ቤተሰብ አላት እንዴ?» አለችኝ።

«እናቷ አሉ።»

«ታዲያ ምነው! እኛ በየቀኑ ጠይቀናል እኮ። የእናንተው ማሽን ነው የለም ያለን።»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ታማ ነው የመጣችው፤ ብዙም አትናገርም። መጀመሪያ ሰሞን ‹እናቴ አለች፣ እንደገና ጠይቁልኝ› ትል ነበር። በሊሴ ፓሴው፣ በመመለሻ ወረቀቷ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው ወይ ስንላት ትፈራለች፤ አዎ ትላለች። ኋላ ኋላ ‹ዛሬስ ጠየቃችሁ?› ማለቱን ተወችው። ትንሽ ሲሻላት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ማለት ነው፣ ፈላጊ የለኝም ብላ ፈርማ ወጣች። ዐዋቂ ሰው ናት፤ ምን ብለን እንይዛታለን?»

«ወዴት ሄደች?»

«አልተናገረችም፣ እህቴ።»

ስልኩን ዘግቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። ፕሪንተር የነከሰበት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ አልከፈትኩለትም።

ያን ዕለት እማማ ተሽሏቸው ተነሥተዋል። በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ዛሬስ?» ከማለታቸው በፊት እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፤ መደቡ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳይቆጡ፣ ሳይጮኹ ነው የሰሙኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

«አገሯ ገብታ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታማ?»

«አዎ።»

«እናቴ አለች ብላ ነበር?»

«ብላ ነበር።»

«ታዲያ የለም ያላት ማነው?»

ማሽኑ ነው ልል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ማሽኑ ነው፣ ኔትወርኩ ነው፣ ሲስተሙ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ደረታቸውን በጡጫ መቱት። «አንቺማ በምን ታውቂዋለሽ? እኔ ነኝ የደበቅሁት! የነፍስ አባቴ እንዳይሰሙብኝ ብዬ፣ ልጄን አስልማ ላከች እንዳልባል ብዬ። ስም ብቻ ነው ወይ ስልሽ እኮ ምላሴ ላይ ነበር። አፈር ልብላ፣ በአንድ ስም ነው የቀበርኳት!»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቴን ልቀቂ ይሉኛል ብዬ ዕቃዬን በሐሳቤ መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። አላሉኝም። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው «በይ፣ አሁን በሁለቱም ስሟ ጻፊያት» አሉኝ።

ጻፍኳት። ሼሁንም አጠገቤ አስቀምጬ የሰፈሩን እናቶች ሁሉ እንደ አዲስ መዘገብኩ፤ «በየትኛው ስሟ ወጣች?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ሆነ። «ቆሻሻ» ያልኩትን ዝርዝር «ያልተጠየቁ» ብዬ ሰየምኩት፤ ማለዳ ማለዳ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነበር። ከውስጡ የሌሎች ልጆች ወጡ። እናቶቻቸው ቢሮዬ ድረስ መጥተው እልል አሉ፤ አንዷ እግሬን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ማረፊያው በእነሱም በኩል መስኮት እንዲከፍት ለመንኩ፤ እኛም መጠየቅ እንድንችል። ከፈቱልን። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው የኔ ማሽን በሁለት ስሟ እየጠራ «መጥታለች ወይ?» ይላል። የእነሱ ማሽን «የለም» ይላል። ያን ቃል ራሴ ስቀበለው ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅሁ።

ምሳ መብላት ጀመርኩ፤ ሳይጠሩኝም እሄድ ነበር። ሼሁም ቤት እገባለሁ። ብቸኝነቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ሰው መሐል ቁጭ ብዬም አብሮኝ ይቀመጣል። እማማ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ገና ነው» ማለት አልቻልኩም፤ «የለም» ማለትማ ጨርሶ። ጭንቅላቴን ብቻ እነቀንቃለሁ፤ ቂጣቸውን ያቋድሱኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ዝውውር ወጥቶልኝ ወደ ደሴ የምመለስ ዕለት ማለዳ ዕቃዬን ሰብስቤ ሻርፔን ከሚስማሩ ላይ አነሣሁ። እማማ ገብተው ፍራሹን አገላበጡት፣ አዲስ አንሶላ አነጠፉበት፣ ትራሱን መታ መታ አደረጉት። እኔ በምትኬ የተመደበ ሰው ይመጣል ብዬ «ለማን ሊያከራዩት ነው?» አልኳቸው።

«ለማንም።»

«ለምን እማማ? ባዶውን ከሚቀር?»

አልጋውን ትተው ቀና አሉ። «የመጣች ቀን በሩን ከፍታ ሰው ተኝቶበት ብታገኘው፣ እውነትም ፈላጊ የለኝም ብላ ትመለሳለች» አሉኝ።

ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።